ከገጽ አርባ ቀጥሎ

«የመጽሐፌን ቅጠል የበላሽው አንቺ ነሽ። ግቢ፤ ቁጭ በይ።»

ቲቸር ሙሉነሽ ይህን ያሉኝ በራቸውን ከፍተው ፊት ለፊቴ ቆመው ነው። ሰላምታ የለ፣ «እንዴት አደግሽ» የለ። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ መልኬን አላዩትም። «እንደምን ዋሉ ቲቸር» ከማለቴ በድምፄ ለዩኝ።

አሰላ የመጣሁት ለአባባ የአርባ ተዝካር ነው። አባባ የምላቸው የእናቴን አባት ነው፤ ያደግኩት እሳቸው ቤት ነው። አሁን አዳማ ስልክ መጠገኛ ሱቅ እሠራለሁ፤ የሦስት ቀን ፈቃድ ሰጥተውኛል። ድንኳኑ ውስጥ አጎቴ ማይክራፎን ይዞ «ሸዋንግዛው፣ የግራዝማች ወልደየስ ልጅ፣ የትልቅ ቤት ልጅ» እያለ አባባን ሲያወድስ መቀመጥ አቃተኝና ወጣሁ። እግሬ ሳላውቀው ወደ ቲቸር ቤት ወሰደኝ ብል ውሸት ነው። አስቤበት ነው የሄድኩት።

በሩ ሲከፈት ያ ሽታ መጣ። የማባዣ ማሽን ቀለም፣ እርጥብ ወረቀት፣ ላምባ። አሥር ዓመት የሞላኝ ክረምት እንዳለ እዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ነበር።

በዚያ ክረምት እናቴ የምታደርገኝን አጥታ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ዝናቡ ከጭላሎ ተራራ እየወረደ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ይደበድባል፤ እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። የበርሜል ክዳን ሰብሬያለሁ፤ የጎረቤት ዶሮ አባርሬ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ስሜ ትዕግሥት ነው። ሲጠሩኝ የማይስቅ አልነበረም።

አንድ ጠዋት ቲቸር ሙሉነሽ ጃንጥላ ይዘው ደጃችን ቆሙና «ይቺን ቅብጥብጥ ለክረምቱ ስጡኝ» አሉ። እናቴ ሊያስጠኑኝ መስሏት መርቃ ሰጠቻቸው። አባባ ከወንበራቸው ሆነው ቲቸርን ረጅም ጊዜ አዩዋቸው።

ቲቸር በወጣትነታቸው ከጎጃም ተመድበው የመጡ የታሪክ መምህርት ናቸው። ሲመጡ ለሁለት ዓመት ነበር፤ ጡረታ የወጡት እዚሁ ነው። ከጡረታ በኋላ የያዙት ሥራ ሰፈሩን ግራ አጋብቶት ነበር። በሚኒባስ፣ በጋሪ፣ በእግርም ሮቤ፣ ጎበሳ፣ ኦጎልቾ ድረስ እየሄዱ ሽማግሌና አሮጊት በቴፕ ይቀዳሉ። ከዚያ ትናንሽ መጽሐፍ ይጽፋሉ። ስለ ንጉሥ አይደለም። መጀመሪያ ጫማ ያደረገው ሰውዬ ገበያ ላይ እንዴት እንደተሳቀበት፣ ወፍጮ ሳይመጣ የሴት ትከሻ ምን ይመስል እንደነበር፣ በጣሊያን ጊዜ መንገዱን ማን እንደቆፈረው። ትምህርት ቤቱ በጣለው ማሽን ያባዙትና አውቶብስ ተራ፣ ሎተሪ አዟሪው አጠገብ ያሸጡታል። የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ቆሎ ተጠቅልሎበት ነው ያገኙት። አልተናደዱም። ያለውን ቆሎ ሁሉ ገዝተው የትኞቹ ገጾች እንደተቀደዱ አዩ። «ሰው ቀድሞ የሚቀደው ያልወደደውን ነው» አሉኝ። ቆሎውን ለአንድ ሳምንት በልተውታል።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነበር።

«ታሪክ ትወጃለሽ?»

«አልወድም።»

«ለምን?»

«ነገሠ፣ ሞተ። ነገሠ፣ ሞተ። በቃ።»

ሳቁ። «እኔም ሠላሳ ምናምን ዓመት ያንኑ ነው ያስተማርኩት። ስሚ እንግዲህ። እኔ አነባለሁ፤ አንቺ እዚያ በርጩማ ላይ ትቀመጫለሽ። ሲሰለችሽ ትነሻለሽ። ንግግር የለም፤ መነሳት ብቻ። የተነሳሽበትን እሰርዘዋለሁ።»

«ሁልጊዜ ብነሳስ?»

«መጽሐፍ የለማ።»

የሰፈሩ ሰው ቅብጥብጥነቴን እንደ በሽታ ነበር የሚያየው። ቲቸር ሥራ ሰጡት። ቀይ ቢክ እስክሪብቷቸውን ይዘው ማንበብ ይጀምራሉ፤ እኔ ብድግ ስል ቢኩ ይወርዳል። የመንገዱ ስፋት፣ የድልድዩ ርዝመት ሲመጣ ሦስት ቀን ተከታትዬ ተነሳሁ። «ይሄ እኮ አስፈላጊ ነው» ብለው ተቆጡ፤ ግን ሰረዙት። በአራተኛው ቀን ድልድዩ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ድንጋይ በቀሚሱ ሲሸከም ቀሚሱ አልቆ ራቁቱን የቀረ ሰውዬ አብሮት መጣ። አልተነሳሁም። ቲቸር በመነጽራቸው አሻግረው አዩኝና ገጹን አዞሩ።

ያ ክፍል ግን ያስፈራኝ ነበር። ሦስት መደርደሪያ ሙሉ ካሴት አለ፤ በእያንዳንዱ ጀርባ ስም ተጽፏል። ከስሙ ጎን በቀይ ቢክ የተሣለ መስቀል ወይም ጨረቃ ካለበት ሰውየው ሞቷል ማለት ነው። ምልክት የሌለው ጥቂት ነበር። አንዳንዴ ከንባብ በፊት አንዱን ያሰሙኛል። ባትሪው ሲደክም ድምፁ ይወፍራል፣ ይጎተታል፣ አንዱ ቃል እንደ ጭቃ ይለጠጣል። ሰውየው እዚያው እየሞተ ይመስለኝና እግሬን ወደ በርጩማው እሰበስባለሁ። ቲቸር ባትሪውን አውጥተው በጥርሳቸው ነከስ ነከስ አድርገው ይመልሱታል። ሰውየው ነፍስ ይዘራል፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ ሙታን ባትሪ እስኪያልቅ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው ብዬ ደመደምኩ። ማንም አላረመኝም፤ ማንንም አልጠየቅኩማ።

አሁን ስለ ጣሳዎቹ ልናገር።

ከቤታችን ጀርባ ሽቅብ የሚሄድ የገብስ ማሳ አለን። መሐሉ ላይ የአንድ ክፍል ያህል መሬት አይታረስም። በሬዎቹ እዚያ ሲደርሱ ራሳቸው ይዞራሉ፤ ገራፊ አይፈልጉም። ሣሩ ወገብ ይደርሳል፤ የሚያጭደው የለም። እኔ የበሬዎቹ ማረፊያ ይመስለኝ ነበር።

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ ገብስ ሊዘራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አባባ ጄሪካን ውሃ ይሞላሉ። እኔ ሰባት ጣሳ እይዛለሁ። ከሣሩ ዳር በተርታ አስቀምጣለሁ፤ አባባ ይሞሉታል። ወደ ኋላ ሳናይ ወርደን እንገባለን። ጠዋት ጣሳዎቹን የምሰበስበው እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ባዶ ናቸው። ሰባቱም እንደቆሙ፣ ባዶ።

«ለማን ነው?» ብዬ ጠይቄ ነበር።

«ለእንግዳ።»

«የቱ እንግዳ?»

«ውሃ የጠማው» አሉ፤ አለቀ። ከሮቤ የሚመጣው አውቶብስ ሁሌ ስለሚያመሽ፣ እሱ ያመሸባቸው መንገደኞች ናቸው ብዬ አሰብኩ። ቤት ገብተው ለምን እንደማይጠጡ ግን አይገባኝም ነበር።

ሐምሌ ሲጋመስ ቲቸር የመንገዱን መጽሐፍ ወደ መጨረሻው አደረሱት። ያን ቀን ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ነበር። ገጽ አርባ አንድን አወጡና ከሌላው ቀን ቀስ ብለው አነበቡ።

ለመንገድ ሥራ በግድ ከተወሰዱት ውስጥ ሰባት ጎረምሶች ያመልጣሉ። ሁለት ቀን በጫካ ውለው አድረው ከአንድ ትልቅ ቤት ደጅ ይወርዳሉ። ውሃ ይለምናሉ። የቤቱ ጌታ «ቁጭ በሉ፤ የደከመው ሰው ቆሞ አይጠጣም» ይላቸዋል። ማሳው ዳር ያስቀምጣቸዋል። ለሰባቱም በየጣሳው ያስቀዳላቸዋል። እነሱ ሲጠጡ ትንሹን ልጁን ጠርቶ በጆሮው የሆነ ነገር ይነግረዋል። ልጁ ወደ ጣሊያኖቹ ሰፈር ይሮጣል።

ወረቀቱ ላይ ከ«ጌታ» እና ከ«ልጁ» ጎን ስም መኖር የሚገባው ቦታ ባዶ ነበር። ቲቸር እዚያ ሲደርሱ ትንፋሽ ያህል ዝም ይሉና ያልፉታል።

እኔ በርጩማው ላይ ደርቄ ቀረሁ።

«ቲቸር፣ ጣሳዎቹን ማን ሰበሰበ?»

ንባቡን አቆሙ። «ምን አልሽ?»

«ከጠጡ በኋላ። ጣሳዎቹን።»

«ለምን ጠየቅሽ?»

«እኛ ቤት የምሰበስበው እኔ ስለሆንኩ።»

ቲቸር መነጽራቸውን አወለቁ። ቀይ ቢኩ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ፤ አላነሱትም። «ዛሬ ይብቃን» አሉ። «ነገ ይህን የነገሩኝ አሮጊት፣ አዴ ሸምሲ፣ ይመጣሉ። በዚያን ጊዜ የዚያ ቤት የሠራተኛዋ ልጅ ነበሩ፤ በዓይናቸው ያዩ ናቸው። እሳቸው ባሉበት እስከ መጨረሻው እናነበዋለን። ነገ ደግሞ አዋቂ ሁኚ።»

ወደ ቤት እየሮጥኩ የገባኝን ልንገራችሁ። ክፉ ሥራ መሠራቱ አልነበረም የገባኝ። ሰባቱ ሰዎች አሁንም በየዓመቱ እኛ ቤት እየመጡ እንደሚጠጡ ነው። ቤታችንን ያውቁታል። ጣሳውን በምን እጅ እንዳስቀመጥኩት ያውቃሉ።

አባባ በረንዳ ላይ ቦት ጫማቸውን ሲጠርጉ አገኘኋቸው። ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጎረምሶቹን፣ ውሃውን፣ ጌታውን። አላቋረጡኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጁ ሮጠ ይላል?»

«አዎ።»

«ፈጥኖ ሮጠ ይላል?»

«እሱን አይልም።»

ጫማውን አስቀመጡ። ከጀርባቸው በተከፈተው በር የግራዝማች ወልደየስ ፎቶ ይታያል፤ ካባ ለብሰው ቆመው፣ የአባባ አባት። ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራቸውን የማራግፈው እኔ ነኝ።

«ትዕግሥት፣ ሲሰለችሽ ነው አይደል የምትነሺው?»

«አዎ አባባ።»

«የተነሳሽበትን ይሰርዙታል።»

«አዎ።»

«ነገ ይሰልችሽ» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ። «እናትሽ እዚህ አገር ትኖራለች። አንቺም ትኖሪያለሽ።»

በማግስቱ አዴ ሸምሲ ከእኔ ቀድመው መጥተው ነበር። ትንሽዬ ሴትዮ ናቸው፤ ሻሻቸው ጥቁር፣ ከዘራቸው ከራሳቸው የሚረዝም። ጭኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ በቅጠል ጠቅልለው አምጥተው እጄ ላይ አደረጉልኝ።

«የማን ልጅ ነሽ ኢንታላ ኮ?» አሉኝ። በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው።

ቲቸር ቀድመው «የሰፈር ልጅ ናት» አሉና ወረቀቱን አነሱ።

ጭኮውን ይዤ ተቀመጥኩ። ያን ገጽ ያህል መስማት የፈለግኩት ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ልጁ ሮጦ የት እንደደረሰ፣ ጣሳዎቹ ምን እንደሆኑ፣ ሰባቱ መጨረሻቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ገላዬ አልተቁነጠነጠም። ቲቸር «ልጁ ወደ ጣሊያኖቹ ሰፈር ሮጠ» ብለው ቅጠሉን ወደ ገጽ አርባ ሁለት ሊያዞሩ ሲሉ ተነሳሁ።

ቲቸር አዩኝ።

«ቁጭ በይ» አሉ። ከዚያ በፊት እንዲህ ብለውኝ አያውቁም፤ ሕጉ አይደለማ።

አልተቀመጥኩም።

አዴ ሸምሲ ቀና አሉ። «ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ሰልችቷት ነው» አሉ ቲቸር፤ ድምፃቸው ባትሪው እንደደከመ ካሴት ተጎተተ።

አሮጊቷ ቅር አላላቸውም። «ተዪያት። ልጅ ናት» አሉ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለከዘራቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ «ኢጆሌ ነበሩ እነሱም። ልጆች። አንዱማ ጣሳውን በሁለት እጁ ነበር የያዘው» አሉ።

ቢኩ ወረቀቱ ላይ ሲወርድ ሰማሁት። ከላይ ጫፍ እስከ ታች ጫፍ፣ አንድ መስመር። ጭኮውን በርጩማው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ከሳምንት በኋላ የዘር ዋዜማ ሆነ። አባባ ጄሪካኑን ተሸከሙ፣ እኔ ጣሳዎቹን። ጣሳዎቹን ስደረድር እርስ በርስ ይንኳኩ ነበር። አባባ ሞሉት። የመጨረሻውን ሲሞሉ ውሃው ከጠርዙ ፈሰሰ፤ አላስተዋሉም። ሣሩ ነፋስ ሳይኖር ይነቃነቅ ነበር፤ ወይም ለእኔ እንዲያ መሰለኝ። ወደ ኋላ ሳናይ ወረድን።

ጠዋት ልሰበስብ ወጣሁ።

ሰባቱም ሙሉ ነበሩ። ውሃው እስከ አፋቸው ነው፤ ጠብታ አልጎደለም። በአንዱ ላይ የሣር ፍሬ ይንሳፈፋል። ጭጋጉ ከማሳው ላይ ገና አልተነሳም፤ በሬ አይጮህ፣ ወፍ አይጮህ። ጎንበስ ብዬ ያየሁት ጣሳ ውስጥ ፊቴ ነበረ። ከጀርባዬ ሰው የቆመ መሰለኝ። እየጮህኩ ወደ ቤት ሮጥኩ። ስሮጥ ያሰብኩትን አስታውሳለሁ፤ ፈጥኜ ነው የምሮጠው ብዬ አሰብኩ።

በረንዳው ላይ የአባባ ቦት ጫማ ቆሟል። ሌላ ዓመት፣ በዚያ ጠዋት፣ እኔ ከመነሳቴ በፊት ያ ጫማ በጭቃና በእርጥብ ሣር ተለውሶ ነበር የማገኘው። ያን ቀን ደረቅ ነበር። አባባ አልጋቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል።

«አልጠጡትም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ።

መጽሐፉ መስከረም ላይ ወጣ። ከገጽ አርባ ቀጥሎ አርባ ሦስት ነው። ቲቸር ቁጥሩን እምቢ ብለው ሳያስተካክሉት አባዙት። ሰው የማተሚያ ስህተት መሰለው። አውቶብስ ተራ ላይ አለቀ፤ ቆሎ ሻጮቹ አንድም ቅጠል አላገኙም። እኔ ወደዚያ ቤት አልተመለስኩም። ቲቸርን ገበያ ላይ ሳይ መንገድ እቀይር ነበር። ጣሳዎቹንም ከዚያ ዓመት በኋላ አባባ ብቻቸውን ነው ያወጧቸው።

እና አሁን እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። ጉልበቴ ወደ አገጬ ይደርሳል።

«አዴ ሸምሲ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ሞቱ» አሉ ቲቸር። መደርደሪያው ላይ በእጃቸው እየዳሰሱ አንድ ካሴት ነኩና ተዉት። «መጽሐፉን ሰው አስነብበው ነበር። ገጹ የት ነው ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበል?»

«የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው። «ያኔ፣ ከቤት ሲወስዱኝ።»

«አውቅ ነበር እንጂ። ስለዚያ ገጽ ነው የወሰድኩሽ። አያትሽ ከአውቶብስ ተራ ገዝተው ከሚያነቡት፣ ከቤታቸው ልጅ አፍ ይስሙት ብዬ ነው። ልጅ ላይ መጫኔ ነበር። ስህተቴ እሱ ነው።» መሳቢያ ከፈቱ። «ሰኞ ሁለተኛው ዕትም ማተሚያ ቤት ይገባል። አያትሽ በሕይወት እያሉ አልነካውም ብዬ ነበር። አሁን አንቺ ከተነሳሽ እንደገና ይቀራል፤ ከእንግዲህ የሚያትመው የለም። እኔ ማየት አልችልም። አንቺ አንብቢው። ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ቀዩ መስመር ከላይ እስከ ታች አለ፤ ከሥሩ ግን ሁሉም ይነበባል። ገጽ አርባ አንድን አነበብኩ። ስልኬ ጠራ፤ እናቴ ናት። ዘጋሁትና ቅጠሉን አዞርኩ።

ጣሊያኖቹ ሲደርሱ ሦስቱ ገና እየጠጡ ነበር። ሰባቱም ከተቀመጡበት አልተነሱም። የቤቱ እመቤት እስኪመሽ እዚያው አፈር አለበሰቻቸው፤ ጣሳዎቹን አጥባ አስቀመጠቻቸው፤ የሮጠውን ልጅ ግን ለብዙ ቀን አላናገረችውም። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነበር።

አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ጠበቅኩና ቀጠልኩ፤ ቆሜ ስል በንባቡ ማለቴ ነው። ከበርጩማው አልተነሳሁም።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ሁለት ባዶ ቦታ አለ» አሉ ቲቸር። «የመጀመሪያውን አዴ ሸምሲ ነግረውኛል። ግን ከቤቱ ሰው እጅ እንዲጻፍ ነበር የምፈልገው። ሁለተኛውን ይተዉት ካልሽኝ እተወዋለሁ። ልጅ ነበሩ።»

ስልኬ እንደገና ጠራ። አጎቴ ነው። ድንኳኑ እስከዚህ ይሰማል፤ ማይክራፎኑ አሁንም ያወድሳል።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ቢክ ቀይ ብቻ ነበር። ከ«ጌታ» ጎን «ግራዝማች ወልደየስ» ብዬ ጻፍኩ። ከ«ልጁ» ጎን «ሸዋንግዛው» ብዬ ጻፍኩ። ከታች ቦታ ነበረ። እዚያ እንዲህ ጨመርኩ፤ ልጁ አድጎ ሸምግሎ እስኪሞት በየዓመቱ ከገብስ ዘር በፊት ሰባት ጣሳ ውሃ ያወጣ ነበር፤ ጠዋት ማንም ሳያየው ሄዶ ያፈሰው ነበር፤ አንድ ዓመት ግን ሳያፈሰው ቀረ።

የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ቲቸር ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«አንዴ ድገሚው» አሉ። ደገምኩት።

ከዚያ ከበርጩማው ተነሳሁ። የቲቸር እጅ ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ ወደ ቢኩ አልሄደም። ጫማዬን ከደጃፉ አንስቼ ወደ ጀመረው ዝናብ ወጣሁ።